ሳንቲምን የሚያስከብረው ፈተናው ነው፤ የብሪታንያ ንጉሣዊ የሳንቲም መቅረጫ ቤት ታሪክና ሥራ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




ስለ አንድ የሳንቲም መቅረጫ ቤት ታሪክና ሥራ ለመናገር ማሰቤን የሰሙ አንዳንድ ወዳጆቼ፣ ጉዳዩ የባንክ ሰዎችና የታሪክ ጸሐፊዎች እንጂ የመሐንዲሶች አይደለም የሚል አስተያየት ሰጥተውኝ ነበር። እኔ ግን ከዚህ የበለጠ የመሐንዲስ ጉዳይ እምብዛም አይገኝም ባይ ነኝ። ሳንቲም በሚሊዮን በሚቆጠር ብዛት የሚመረት፣ ክብደቱ፣ ስፋቱና የማዕድኑ ቅይጥ አስቀድሞ በሕግ የተወሰነ፣ አንዱ ከሌላው እንዳይለይ ሆኖ የሚሠራ የማሽን ውጤት ነው። ከዚያም አልፎ፣ ተቀባዩ ሳይመዝንና ሳይፈትን በእምነት ብቻ ከእጅ ወደ እጅ የሚያሳልፈው ዕቃ ነው። ገበያተኛዋ በመቀነቷ የምትቋጥረው፣ የታክሲ ረዳቱ በመዳፉ የሚያንቀጫቅለው ሳንቲም ትክክለኛ መሆኑን ማንም ጠይቆ አያውቅም። እንግዲህ ይህ እምነት ከየት መጣ? ማንስ አጸናው? የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይፈልጋል።

ለምሳሌነት የመረጥሁት የብሪታንያን ንጉሣዊ የሳንቲም መቅረጫ ቤት ነው። ምክንያቶቼ ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ቤቱ ከአንድ ሺሕ ዓመት በላይ የቆየ በመሆኑ ከመዶሻ እስከ ኤሌክትሪክ ያለውን የሙያችንን ጉዞ በአንድ ቦታ ለማየት ያስችላል። ሁለተኛው፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን ከተገበያዩበት ጠገራ ብርና ሳንቲም ከፊሉ የወጣው ከዚሁ ቤት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመዶሻ ዘመን

ቤቱ ታሪኩን የሚቆጥረው ንጉሥ አልፍሬድ ለንደንን በእጁ ካደረገበት ከ886 ጀምሮ ነው። በ1279 ገደማ ሥራው በለንደን ግንብ ቅጥር ውስጥ ተሰበሰበ፤ እዚያም ከ500 ዓመት በላይ ቆየ። በዚያን ዘመን የነበረው መሣሪያ እጅግ ቀላል ነበር። የታችኛው ማኅተም፣ እኛ በወርክሾፕ ዳይ የምንለው፣ በወፍራም ግንድ ላይ ይተከላል፤ ጠፍጣፋው ብር በላዩ ይቀመጣል፤ ሠራተኛው የላይኛውን ማኅተም በአንድ እጁ ይዞ በሌላው በመዶሻ ይመታዋል። ቅርጹ በዚህ ሁኔታ ይወጣል፤ ጠርዙ ግን በመቀስ የተቆረጠ በመሆኑ ፍጹም ክብ አይሆንም።

ጉድለቱ የተፈጠረው ከዚሁ ጠርዝ ላይ ነው። ከመጀመሪያውም ክብ ያልሆነ ሳንቲም ትንሽ ቢሸረፍ ማን ያውቃል? ሸራፊዎች ከእያንዳንዱ ሳንቲም ጥቂት ጥቂት ብር እየቆረጡ ያቀልጡ ነበር። ቀራጮቹም ራሳቸው ከብሩ እየቀነሱ ርካሽ ማዕድን የሚቀላቅሉበት ጊዜ ነበር። ንጉሥ ሄንሪ ቀዳማዊ በ1124 የመንግሥቱን ሳንቲም ቀራጮች ወደ ዊንቸስተር አስጠርቶ የብዙዎቹን ቀኝ እጅ ማስቆረጡን የዘመኑ ዜና መዋዕል መዝግቦታል። ቅጣቱ አስፈሪ ነበር። ነገር ግን ቅጣት የሚመጣው ጥፋቱ ከተፈጸመና ገበያው ከታወከ በኋላ ነው። የሚፈለገው ጥፋቱ ሳይሰፋ የሚገለጥበት ዘዴ ነበር።

የሣጥኑ ፈተና

ይህ ዘዴ ከመቶ ዓመት በኋላ ተገኘ፤ እስከ ዛሬም ይሠራበታል። በይፋ መደረጉ የሚታወቀው የመጀመሪያው ፈተና የ1248ቱ ነው፤ በ1282 ደግሞ በንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ ዘመን ሥርዐት ወጣለት። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ከተቀረጸው ሳንቲም ውስጥ በተወሰነ ብዛት አንድ አንድ እየተነሣ ፒክስ በሚባል በተዘጋ ሣጥን ይከማቻል። ጊዜው ሲደርስ ሣጥኑ በዳኛ ፊት ይከፈታል። ሳንቲሞቹ ይቈጠራሉ፣ ይመዘናሉ፣ ከፊሉ ቀልጦ የብሩና የወርቁ ንጥረት ይለካል፤ ውጤቱም ተጠብቆ ከኖረው የመመዘኛ ሰሌዳ ጋር ይነጻጸራል። ዛሬ ፈተናው በየዓመቱ የሚደረገው በለንደን የወርቅ አንጥረኞች ማኅበር አዳራሽ ሲሆን፣ ፍርዱን የሚሰጡት ከመቅረጫ ቤቱ ውጭ የሆኑ የሙያው ሰዎች ናቸው።

በዚህ ሥርዐት ውስጥ ሦስት ነገሮችን ልብ እንድትሉልኝ እወዳለሁ። ናሙናውን የሚያስቀምጠው ሠሪው ቢሆንም የሚፈትነው ሌላ ነው። ፈታኙ የመንግሥት ሹም ሳይሆን እንደ እኛ ያለ የሙያ ማኅበር ነው። መመዘኛውም ከሠሪውም ከፈታኙም ተለይቶ የተቀመጠ ነው። ሠሪ፣ ፈታኝና መመዘኛ ለየብቻቸው ቆመዋል ማለት ነው።

የማሽኑ መምጣት

በ1561 ኤሎይ ሜስትሬል የሚባል ፈረንሳዊ በፈረስ የሚዞር ወፍጮና በብሎን የሚጫን መጭመቂያ ይዞ በለንደን ግንብ ሥራ ጀመረ። የሠራቸው ሳንቲሞች ክብነታቸውና ጥራታቸው የሚያስመሰግን ነበር። ሆኖም መዶሻ የያዙት ሠራተኞች በፍጥነት በብዙ እጥፍ ስለበለጡት በ1572 ከሥራው ተሰናበተ፤ በ1578ም ሐሰተኛ ገንዘብ በመሥራት ተከሶ በስቅላት ተቀጣ። ባለሙያው ለመልካሙ ሥራ የተጠቀመበትን ዕውቀት ለክፉው ማዋሉ፣ ዕውቀት ብቻውን ዋስትና አለመሆኑን ያስታውሰናል።

ማሽኑ በቋሚነት የገባው በ1662 ነው። በፈረስ ኃይል የሚሽከረከሩ መዳመጫዎች ብሩን እኩል ውፍረት ሰጡት፤ መቁረጫው ክብ አደረገው፤ የብሎን መጭመቂያው ሁለቱንም ገጽ በአንድ ጊዜ አተመው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ፒየር ብሎንዶ ያመጣው በጠርዙ ላይ ጽሑፍ ወይም ጥርስ የማውጣት ዘዴ ነበር። በጠርዙ ላይ የተጻፈው የላቲን ቃል «ጌጥና መከታ» ማለት ነው፤ ቃሉም እውነት ነበረው። ከዚህ በኋላ ሳንቲም የሸረፈ ሰው በማንኛውም ዐይን ፊት ይጋለጣል። ሚዛን የሌለው ገበሬ እንኳ በአውራ ጣቱ ጠርዙን ዳብሶ ሊያውቅ ይችላል።

ችግሩ ግን በዚህ አላበቃም። አዲሱ ሳንቲም ሲወጣ አሮጌውና የተሸረፈው ከገበያ አልተነሣም ነበር። ሁለቱ በሕግ አንድ ዋጋ ስለነበራቸው ሰው ሁሉ መልካሙን እያስቀመጠ ወይም እያቀለጠ ክፉውን ያወጣ ጀመር። ከ30 ዓመት በላይ እንዲህ ከቆየ በኋላ፣ በ1696 አሮጌው የብር ገንዘብ ግማሽ ያህል ክብደቱን አጥቶ ተገኘ። መንግሥቱም አሮጌውን ሁሉ ሰብስቦ እንደገና ለማስቀረጽ ተገደደ፤ ለወጪውም በየቤቱ መስኮት ቁጥር ግብር ጣለ። አዲስ መሣሪያ አምጥቶ አሮጌውን አሠራር በጎኑ መተው ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ኒውተንና የመመዘኛው ሰሌዳ

ለዚህ ታላቅ ሥራ የተጠራው አይዛክ ኒውተን ነበር። በ1696 የቤቱ ተቆጣጣሪ፣ ከ1699 መጨረሻ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1727 ድረስ፣ የቤቱ አለቃ ሆኖ አገልግሏል። ሹመቱ በክብር ተቀምጦ ደመወዝ የሚበላበት ተደርጎ ይታይ ነበር። እርሱ ግን ለእያንዳንዱ መሣሪያ ስንት ሰውና ስንት ፈረስ እንደሚያስፈልግ አስልቶ ጻፈ፤ በአምስት የጠቅላይ ግዛት ከተሞች ጊዜያዊ መቅረጫ ቤቶች በሥራ ላይ ዋሉ፤ ሐሰተኛ ገንዘብ ሠሪዎችንም ራሱ ተከታትሎ ለፍርድ አቀረበ።

ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ግን በ1710 የደረሰበት ነገር ነው። በዚያ ዓመት የሣጥን ፈተና የኒውተን የወርቅ ሳንቲም ከመመዘኛው ሰሌዳ በታች ሆኖ ተገኘ። ኒውተን ፈተናውን አልሸሸም፤ በስሙና በዝናውም አልተከለለም። ራሱ የወርቁን ንጥረት መርምሮ፣ የተሳሳተው ሳንቲሙ ሳይሆን በ1707 የተሠራው አዲሱ ሰሌዳ መሆኑን፣ ይኸውም ሰሌዳው ሕጉ ከሚጠይቀው በላይ የነጠረ መሆኑን ገለጠ። አዲሱ ሰሌዳ ተነሥቶ የ1688ቱ ተመለሰ። በሥርዐቱ መሠረት ፈታኝ ሠሪውን ይመረምራል፤ ነገር ግን መመዘኛውም ራሱ ከምርመራ በላይ አይደለም። ክርክሩ ሲነሣ ደግሞ የሚረታው በማስረጃ ነው።

ከእንፋሎት እስከ ዛሬ

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ማቲው ቦልተን በበርሚንግሃም አጠገብ ባቋቋመው ፋብሪካ የሳንቲም መጭመቂያን በእንፋሎት ኃይል ማሽከርከር ጀመረ፤ በ1797ም ለመንግሥቱ የመዳብ ሳንቲም አቀረበ። በሳንቲሙ ዙሪያ የብረት ቀለበት በማጥለቅ እያንዳንዱ ሳንቲም ፍጹም አንድ ዐይነት ስፋት እንዲኖረው ማድረጉ ለሐሰተኞች ትልቅ እንቅፋት ሆነ። ንጉሣዊው ቤትም በ1810 ገደማ ከግንቡ ወጥቶ በታወር ሂል በተሠራው አዲስ ሕንፃ በእንፋሎት ማሽን መሥራት ቀጠለ። በ1817 የወጣው ሶቨሪን የሚባለው የወርቅ ሳንቲም ክብደቱ 7.98805 ግራም፣ ንጥረቱ ከሺሕ 916.66 ነው፤ ይህ መጠን እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ሀገሪቱ ወደ ዐሥርዮሽ ገንዘብ ለመዛወር ስትዘጋጅ ታወር ሂል ስለጠበበ፣ በደቡብ ዌልስ በላንትሪሳንት ከተማ አዲስ ፋብሪካ ተሠርቶ በታኅሣሥ 1968 ተመረቀ። በየካቲት 15 ቀን 1971 የዐሥርዮሹ ገንዘብ ሥራ ላይ ዋለ፤ በ1975 ደግሞ የመጨረሻው ሳንቲም በለንደን ተቀረጸ።

የዛሬውን ሥራ በአጭሩ ልግለጽ። ማዕድኑ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይቀልጣል፤ በረዥም ጥቅል መልክ ተዳምጦ የሚፈለገውን ውፍረት ይይዛል። ከዚህ ጥቅል ክብ ቁራጮች በመቁረጫ ይበሳሉ። ክቦችን የቱንም ያህል አቀራርበን ብንደረድር ከጠፍጣፋው ስፋት ከ90.7 በመቶ በላይ ለመጠቀም ጂኦሜትሪ አይፈቅድም፤ የቀረው ተመልሶ ወደ ምድጃ ይገባል። ቁራጮቹ መዳመጡ ያጠነከራቸውን ያህል በእሳት ይለዝባሉ፤ ይታጠባሉ፤ ጠርዛቸው ተጨምቆ ከፍ ይላል፤ ይህም ከላይ ያለው ቅርጽ ቶሎ እንዳያልቅ ይከላከላል። በመጨረሻ ወደ መጭመቂያው ይገባሉ። ዘመናዊው መጭመቂያ በደቂቃ ከ700 በላይ ሳንቲም ያትማል። ብረት ላይ ሌላ ማዕድን በኤሌክትሪክ ኃይል የመለበጥ ዘዴም ከ1992 ጀምሮ በትንንሾቹ ሳንቲሞች የመዳብ ቅይጥን ተክቷል።

በንድፍ ረገድ የ1969ኙ የ50 ፔንስ ሳንቲም ሊደነቅ የሚገባው ነው። ሰባት ጎን አለው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ጎን ቀጥ ያለ መስመር ሳይሆን ከፊት ለፊቱ ካለው ማዕዘን ላይ የተሰመረ ቅስት ነው። በዚህም የተነሣ በየትኛውም አቅጣጫ ቢለካ ስፋቱ አንድ ነው፤ በሽያጭ ማሽን ቀዳዳ ውስጥ እንደ ክብ ሳንቲም ያልፋል፤ ዐይነ ስውር ሰውም ዳብሶ ይለየዋል። ጥንቃቄ ግን መቼም አያልቅም። በ2008 የ20 ፔንሱ ቅርጽ ሲለወጥ ዓመቱ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው እንዲዛወር ተወሰነ፤ አሮጌው ማኅተም ከአዲሱ ጋር ስለተጣመረ ከሁለት ገጹ በአንዱም ዓመት የሌለበት ሳንቲም ወጥቶ በገበያ ተሠራጨ። ከ300 ዓመት በላይ በኋላ እንደዚህ ባለ ቤት እንዲህ ያለ ስሕተት ሊደርስ ከቻለ፣ «እኛ ዘንድ አይደርስም» የሚል ማነው?

ወደ እኛ ሀገር ስንመለስ

ሳንቲም ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ያስቀርጹ ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ዘመናት ግን የወርቁ ንጥረት እየቀነሰ ሄደ። ከብዙ ዘመን በኋላ ገበያውን የያዘው 1780 የሚል ዓመት የታተመበት የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር። ክብደቱ 28.0668 ግራም፣ ንጥረቱ ከሺሕ 833 ገደማ ነው። ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ በዚያው ዓመት ምልክት ሲቀረጽ ኖሯል፤ ለንደንም ከ1936 ጀምሮ ቀርጾታል። የእኛ ነጋዴዎች የትከሻዋን ጌጥና የዘውዷን ዕንቍ እየቈጠሩ፣ ጠርዙን እየዳበሱ ይቀበሉት ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1894 በፓሪስ የራሳቸውን ብር ሲያስቀርጹ ክብደቱን ከዚሁ ጋር ቢያስተካክሉትም፣ ሕዝቡ ለረዥም ጊዜ የለመደውን ጠገራ አልተወም። ለዘመናት በእጁ ሲፈትነው የኖረውን ዕቃ ዐዋጅ ብቻውን ከልቡ ሊያወጣው አልቻለም።

በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ፣ 1936 የሚል ዓመት የታተመባቸው ሳንቲሞች ለሠላሳ ዓመት ያህል ዓመታቸው ሳይለወጥ በፊላዴልፊያ፣ በበርሚንግሃምና በለንደን ተቀርጸዋል። የሃያ አምስት ሳንቲሙን ጠርዝ የሚያስታውሱ አባሎች በመካከላችን ይኖራሉ። መጀመሪያ ክብ ሆኖ ወጥቶ ነበር፤ በስፋቱ ከብር ከተሠራው ሃምሳ ሳንቲም ጋር ስለሚቀራረብ፣ መዳቡን በብር እየለበጡ እንደ ሃምሳ የሚያሳልፉ ሰዎች ተነሡ። መፍትሔው ፖሊስ ማብዛት አልሆነም፤ ጠርዙ ሞገድ እንዲኖረው ተደረገ። ከዚያ በኋላ ቢለበጥም ሃምሳ ሊመስል አልቻለም። መልካም ንድፍ ማለት ማታለልን አስቸጋሪ፣ ማጣራትን ቀላል የሚያደርግ ነው።

ለሙያችን ምን ይላል?

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣ የሳንቲም ዘመን ምናልባት ወደ ማምሻው ደርሷል። ንጉሣዊው ቤት ራሱ ለሌሎች ሀገሮች ሳንቲም መቅረጹን በ2024 መጨረሻ እንደሚያቆም በዚያው ዓመት አስታውቋል፤ በላንትሪሳንትም ከተጣሉ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ሰሌዳ ወርቅ የሚያወጣ፣ በዓመት እስከ 4,000 ቶን ሰሌዳ ለመቀበል የታቀደ ፋብሪካ ከፍቷል። በእኛም ሀገር ገንዘብ በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ማለፍ ጀምሯል። ሆኖም ሳንቲሙ ቢያልፍም የሣጥኑ ፈተና ያስተማረው አያልፍም።

የምንሠራውን ሥራ እንመልከት። የኮንክሪት ናሙና፣ ያ የምናውቀው 15 ሳንቲ ሜትር ኩብ፣ ከሚፈስሰው ኮንክሪት ላይ ተወስዶ በ28ኛው ቀን ይሰበራል። ይህ ኩብ የእኛ ፒክስ ነው። ናሙናውን የሚሞላው ማን ነው? የሚያስቀምጠው፣ የሚሰብረው፣ ውጤቱን የሚጽፈው ማን ነው? ከአንድ በላይ በሆነ የሥራ ቦታ፣ እነዚህ ሁሉ ሥራዎች በአንድ ተቋራጭ ሰዎች እጅ ሲሠሩ ተመልክቻለሁ። አንዳንድ ጊዜም ለናሙናው የሚሆነው ኮንክሪት ለብቻው በጥንቃቄ ተደባልቆ፣ ለዐምዱ የሚሆነው በችኰላ ይፈስሳል። በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር መልካም ነው፤ ሕንፃው የሚቆመው ግን በወረቀቱ ላይ አይደለም። ሳንቲም ከክብደቱ ቢያንስ ያዢው ጥቂት ይከስራል። ዐምድ ከጥንካሬው ቢያንስ ግን በሥሩ የሚኖሩ ቤተሰቦች ሕይወታቸውን ይከፍላሉ። የአርማታ ብረቱ፣ የትራንስፎርመሩ ዘይት፣ የነዳጅ መቅጃው ቈጣሪም እንዲሁ ናቸው።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት አሳቦችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በትልልቅ ሥራዎች ከሚወሰደው ናሙና የተወሰነው ክፍል ታሽጎ፣ ከሠሪውም ከአሠሪውም ውጭ በሆነ ሦስተኛ ወገን እንዲፈተን ማኅበራችን መመሪያ አዘጋጅቶ ለሚመለከታቸው ያቅርብ። ሁለተኛ፣ የመፈተኛ መሣሪያዎቻችን፣ ሚዛኖቻችንና መጭመቂያዎቻችን በየጊዜው ከብሔራዊው መመዘኛ ጋር ይመሳከሩ፤ የኒውተን ሰሌዳ እንደ ተፈተነ መመዘኛችንም ይፈተን። ሦስተኛ፣ ይህ ማኅበር በዓመት አንድ ጊዜ፣ እንደ ወርቅ አንጥረኞቹ፣ የፈተናዎቹን ውጤት በአባሎች ፊት በግልጽ ይስማ። የሠሪውን ስም ለማጉደፍ አይደለም። በየዓመቱ በይፋ ተፈትኖ የሚያልፍ ሠሪ ከማንም ይልቅ የተከበረ ይሆናልና።

ወጪው ይበዛል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እገምታለሁ። እውነት ነው፤ ፈተና ገንዘብ ይጠይቃል። ነገር ግን እንግሊዞች ጠርዙን ችላ ብለው 30 ዓመት ከቆዩ በኋላ የከፈሉትን የመስኮት ግብር እናስታውስ። ወርቅ በእሳት ይፈተናል እንላለን፤ ወርቁ እሳቱን ፈርቶ አያውቅም። ሥራችን ወርቅ ከሆነ እኛም ልንፈራ አይገባም።